የጋሽ ሽብሩ ገመድ

ሰኞ እመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ እሑድ ሞቱ።

ልጃቸው ወይንሸት ሐሙስ ዕለት ከጂንካ ደውላ፣ «አባዬ ደክሟል፤ አስቴርን ጥሩልኝ እያለ ነው» ስትለኝ ስልኩን እንድትሰጣቸው ለመንኳት። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አነጋገራቸው ግን ያው የድሮው ነው፤ ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ልጆች እንዴት ናቸው የለ። «መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ። እሑድ ቤቱን ላስተካክልና ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ» አልኳቸው። «ሰኞ» አሉ። «አዎ፣ ሰኞ።» «ይሁን» ብለው ስልኩን ለልጃቸው መለሱት።

ሰርግ ይበልጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁኝ። አሁን ከምኖርበት ከአርባ ምንጭ ጂንካ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ቁርሱን እዚህ የበላ ምሳውን እዚያ ይበላል። ያንን መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ስቅምበት የኖርኩ እኔ ነኝ እንግዲህ ሰኞ ያልኩት!

ጋሽ ሽብሩን ለማያውቅ ልንገር። በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ጂንካ የእንስሳት ጤና ቢሮ ሹፌር ነበሩ። እኔ ከጨንቻ ደጋ ወርጄ የተመደብኩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ሥራዬ ከብት መከተብ፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ምላሴ ከመርፌዬ የሚብስ። እሳቸው የጊዶሌ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ሃምሳው የተጠጉ፣ መቀመጥ የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው። ወንበር ላይ በጠርዙ ብቻ ነው የሚያርፉት። ምግብ ቤት ገብተን እኔ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ እሳቸው የመጨረሻውን ጉርሻ እያላመጡ ቆመው፣ «በይ እንሂድ፤ ምግብ አይሸሽም፣ መንገድ ግን ይመሻል» ይሉኛል። ስብሰባ ላይ በር ተደግፈው ነው የሚሰሙት። ያን ጊዜ ደግሞ ስብሰባ እንደ ጉድ ነበር! ኃላፊያችን «ጓድ ሽብሩ፣ ይቀመጡ እንጂ» ሲሏቸው፣ «ቆሜም ይገባኛል» ብለው ይመልሳሉ። ሚስታቸው እትዬ በላይነሽ፣ «እኔ ባል መቼ አገባሁ፤ ነፋስ ነው ያገባሁት» ትል ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።

መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሀል የተዘረጋ ሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። እዚያ ላይ በቢሮው ላንድሮቨር ስንገራገጭ የከተማው ሰው ሥራ ፈቶ ቆሞ ይስቃል። «ኧረ ሴትዮዋ ልትነሳ ነው! መንገድ ልቀቁ፣ ልትበር ነው!» ይሉኛል። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ በመስኮት ብቅ ብዬ የሚገባቸውን እሰጣቸዋለሁ። ጋሽ ሽብሩ፣ «አፍሽን ዝጊና ፍሪሲዮኑን ርገጪ» ይሉኛል። ለምን ሊያስተምሩኝ እንደተነሱ ስጠይቃቸው፣ «አንድ ሰው ብቻ የሚነዳው መኪና፣ ሰውዬው የታመመ ዕለት ቆርቆሮ ነው» አሉኝ። አርባ ምንጭ ድረስ ወስደው አስፈተኑኝና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

መንገድ ላይ ስንሆን ጫሞ ሐይቅ ብቅ ያለ እንደሆነ ማንም ሹፌር አንገቱን ያዞራል። እሳቸው ሞተው ነው! «ስትነጂ መንገድ እዪ፤ ሐይቅ ካማረሽ ቁሚ» ይላሉ። መኪናውን ጥግ ያስይዛሉ፣ ይወርዳሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንዲት ሙዝ ተልጣ እስክትበላ ያህል ሐይቁን ያዩታል። ከዚያ «በቃ፣ አየነው» ብለው ሞተር ያስነሳሉ። እኔ ገና ጉማሬው የቱ ጋ እንዳለ እየፈለግሁ ነው።

ይኼ ዕረፍት ያልፈጠረበት ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ይል ነበር፤ ደረቅ ወንዝ ዳር። የቆላው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። ጋሽ ሽብሩ አሸዋው አፋፍ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ፤ ወርደው ቀና ብለው ተራራውን ያያሉ። ተራራው ላይ ደመና ካለ ጥላ ፈልገው ቁጭ ነው፤ ግማሽ ቀንም ቢሆን። «ጋሼ፣ ደረቅ እኮ ነው!» ብዬ ስነተርካቸው፣ «የሚገድልሽ እዚህ ያለው መቼ ሆነና፣ የሚመጣው ነው እንጂ» ይሉኛል። የዚያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ችኮላ የሚባል አይታይም። ሁለት ሰው ናቸው እንዴ እላለሁ።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። በፀማይም፣ በበናም፣ በሐመርም ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ቀኑን በገመድ ይቋጥራል። ሁለት ገመድ ተዘጋጅቶ አንዱን ቀጣሪው፣ አንዱን ተቀጣሪው ይይዛል፤ በየማለዳው አንድ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻው የሚፈታበት ቀን ቀጠሮው ነው። ቢሯችን ግን የሚቀጥረው በደብዳቤ ነበር፤ ማህተም ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ የሚያነበው የሌለ። ገመዱን ወደ ቢሮው ያስገቡት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ኃላፊያችን መጀመሪያ «ይኼ ኋላ ቀርነት ነው» ብለው ነበር። በደብዳቤ የተጠራው ከብት ሲቀር፣ በገመድ የተጠራው ሲመጣ አይተው ግን ዝም አሉ።

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ዓመት የደስታ በሽታ ገባ ተባለ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ በገባበት በረት ከብት የሚያስተርፍ በሽታ አይደለም። አርብቶ አደሩ በሽታ ሲሰማ ከብቱን ይበትናል፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ ሁሉም አብሮ እንዳያልቅ። እኛ ደግሞ ለመከተብ አንድ ቦታ ሰብስቡ እንላለን። ክትባቱ በቀኑ ከደረሰ ደግ፤ ካልደረሰ ግን የታመመውንና ጤነኛውን አገናኝተን የጨረስነው እኛው ነን።

ሐሙስ ነበር፤ የቀይ አፈር ገበያ ቀን። ጋሽ ሽብሩ ጊኖ የሚባሉትን የፀማይ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ሲያናግሩ ዋሉ። ጊኖ ወንድና ሴት የማይለይ የገበያ አማርኛ ይችላሉ። «እኔ ከብት ሰብስብ ካልኩ ሁሉ ይሰበስባል» አሉ፤ «አንተ ቀረ፣ እኔ ምን ይላል?» ጋሽ ሽብሩ፣ «አልቀርም» ብቻ አሉ። ክትባቱ ከአርባ ምንጭ መጥቶ ሉቃ የሚባለው መንደር እንዲደርስ ተስማሙና ገመድ ተቋጠረ። እኔ ሲቋጥሩ አላየሁም፤ የማሽላ ዋጋ እየተከራከርኩ ነበር። ስመለስ የኛ ገመድ መኪናው ስፖኪዮ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቆጠርኩት፤ ስድስት።

ቅዳሜ ጋሽ ሽብሩን ወባ ጣላቸው። ሌላው መኪና ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሌላ ሹፌርም የለ። ኃላፊያችን «ሴት ልጅ ብቻዋን? ያንን ሁሉ በረሃ?» አሉ። «መንጃ ፈቃዱ ላይ ሴት አትነዳም የሚል አላነበብኩም» አልኳቸው። ፈራ ተባ ብለው ፈረሙልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቸው የባሰ ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ ቤት ስገባ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሁለቱ ቋጠሮ ተፈትቶ አራት የቀረውን ገመድ እጄ ላይ ጠቀለሉት። «ይህ ሳያልቅ ሉቃ ድረሺ። ጊኖ ከብቱን ሰብስቦ ነው የሚጠብቀኝ።»

«እደርሳለሁ ጋሼ።»

«ወንዝ ላይ ግን...»

«አውቃለሁ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ተራራ ማየት...»

«አታውቂም! ገመዱና ወንዙ ከተጣሉብሽ፣ ወንዙን ስሚ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሦስተኛውን ቋጠሮ የፈታሁት መሪው ላይ ሆኜ ነው። ከቀይ አፈር ቁልቁል ወደ ወይጦ ሜዳ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ወደ ኮንሶ፣ እርከን በእርከን ላይ እንደ ደረጃ የተደረበበት ተራራ። በአንደኛ ማርሽ ስንፏቀቅ መኪናው ከሚያቃስተው ይልቅ እኔ የማቃስተው ይበልጥ ነበር። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ አስቆመኝ።

«ሹፌሩ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ፤ ሹፌሩ የታለ?»

«ወንድሜ፣ ሹፌሩ እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!»

የኋላውን ሸራ ገልጦ ሹፌር የተደበቀ እንደሆነ አየ። መሸኛዬን ገልብጦም ዘቅዝቆም ካነበበ በኋላ፣ «ለማንኛውም ቀስ በይ፣ እህቴ» ብሎ መንገዱ ላይ የተወጠረውን የኬላ ገመድ አወረደልኝ።

ኮንሶ አድሬ ሰኞ በጊዶሌ ተራራ ሥር አልፌ ስወጣ ጫሞ ወለል አለ። አንገቴን አላዞርኩም። መኪናውን ጥግ አስያዝኩ፣ ወረድኩ፣ ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ሐይቁ ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው ከእግዜር ድልድይ ባሻገር አባያ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ከበላያቸው የእኔ አገር ተራሮች፣ ጨንቻ፣ ደመና ለብሰው። ጎኔ ሰው የለም። «አየሽ?» የሚለኝ የለም። ብቻዬን መሆኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጊዜ የለኝም አልኩና «በቃ፣ አየነው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬ ገባሁ። እጄ ግን መሪውን ትቶ ገመዱን እየዳበሰ አስቸገረኝ። ሁለት ቀርቷል። ሁለት።

አርባ ምንጭ ማክሰኞ ጠዋት ክትባቱን ልረከብ ስሄድ ፈራሚው አለ፣ ማህተሙ የለም፤ ማህተሙ መጣ፣ ፈራሚው ምሳ ወጣ። ስንቆራጠጥ ያየኝ ዘበኛ፣ «ምነው፣ ጉንዳን ላይ ቆመሻል እንዴ?» አለኝ። ጋሽ ሽብሩን ሆኜ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የበረዶ ሳጥኑን አስረከቡኝ። «በረዶው ሁለት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ጌታ ያውቃል፤ እንዳትከፍችው» አሉኝ። እየበረርኩ ኮንሶ ገብቼ አደርኩ፤ ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻዋን ቋጠሮ ፈታሁ። ዛሬ ነው። ሉቃ ከሰዓት በፊት እደርሳለሁ፤ ምንም አይዘኝም አልኩ።

ያዘኝ። ከኮንሶ ወርጄ፣ ወይጦ ሳልደርስ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። አሸዋው ነጭ፣ ሰማዩ አንዲት ደመና የለው። ሞተር አጠፋሁ። ወረድኩ። ቀና ስል የኮንሶ ተራራ ጫፍ ጠቁሯል።

ኧረ በጌታ! ለመሻገር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ማዶው ይታየኛል፣ የመኪና ጎማ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይታየኛል። ግራር ሥር በትንሿ በርጩማው ላይ የተቀመጠ አንድ የፀማይ ሰው ያየኛል። «ይመጣል?» አልኩት በእጄ ወደ ላይ እያሳየሁ። ተራራውን አየና በዚያው የገበያ አማርኛ «አንተ ተቀመጥ» አለኝ። ወዲህ ስል ወዲያ ስል፣ በሩን ስከፍት ስዘጋ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ውሃ የለም። በግማሽ ሰዓት አሥር ጊዜ ተሻግሬ አሥር ጊዜ እመለስ ነበር! ጋሽ ሽብሩን ተራገምኩ፤ ይኼ የሽማግሌ ፍርሃት ነው አልኩ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ሰውዬው ከተቀመጠበት ሳይነሳ እጁን ብቻ ወደ ላይ አነሳ።

ድምፁ መጣ። ከዚያ ውሃው፤ ቡናማ፣ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ። የጎማው መስመር የነበረበት ቦታ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሞተሩን አጥፍቼ ሰውዬው አጠገብ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ወንዙ አልጎደለም። ቋጠሮ የሌለውን ገመድ በጣቴ ላይ ስጠቀልል ስፈታ ዋልኩ። ማዶ ሉቃ ላይ ከብቱ ተሰብስቧል፤ የታመመው ጤነኛውን እያሻሸ ነው፤ ጊኖ መንገዱን እያዩ ነው፤ ሰው ሁሉ ጊኖን እያየ ነው። ሳጥኑን በየጊዜው ወዘወዝ አደርገዋለሁ፤ በረዶው ቋ ቋ ይል የነበረው እየሳሳ ሄደ። እንዲያ ተጨንቄ አላውቅም፤ ስወልድም እንዲያ አልተጨነቅሁ።

ሐሙስ ማለዳ ውሃው ወደ ጉልበት ወረደ። ሰውዬው በእግሩ ቀድሞኝ እየመራ አሻገረኝ። ወይጦን አልፌ ሉቃ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። አቧራው ከሩቅ ይታያል፤ ከብቱ ሜዳውን ሞልቶታል። ከመኪናው ወርጄ ጊኖ ፊት ስቆም እንባዬ ቀደመኝ። «ይቅር በሉኝ፣ ዘገየሁ፣ ወንዝ ይዞኝ ነው፤ ትናንት ነበር...»

ጊኖ ግራ ገባቸው። «ትናንት ምን?»

«ቀጠሮው!»

ከወገባቸው ገመድ አወጡ። አንድ ቋጠሮ አለበት። ሽማግሌዎቹ እያዩ ፈቷትና «ዛሬ» አሉ።

እኔ ደግሞ አላርፍም፤ «አይ፣ እርስዎ አንድ ቀን ሳይፈቱ ረስተዋል» ብዬ ባዶውን ገመዴን አሳየኋቸው። ጊኖ የኔን ገመድ ከራሳቸው ጋር ለኩት፤ ከዚያ ለሌሎቹ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «የሽብሩ ገመድ!» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የሽብሩ ገመድ ሁልጊዜ አንድ የለውም። ሁሉ ሰው ያውቃል። አንተ አታውቅም?»

ሳጥኑን ስከፍተው እንቁላል የምታክል በረዶ ቀርታ ነበር። እስኪመሽ ከተብን።

ጂንካ ገብቼ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ትኩሳቱ ለቋቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሊነሱ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም! አንድ ቀን እንደቀረኝ እያወቁ ነው ያንን ሁሉ ያስቃዩኝ? ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽማ፣ አርባ ምንጭ አንድ ቀን አርፌ ልሂድ ትዪ ነበር። ከዚያ ወንዙ ሲይዝሽ ምን ይተርፍሻል?»

ጋሽ ሽብሩ አፌን ያስዘጉኝ ያኔ ብቻ ነው። ቆይተው፣ ወደኔ ሳያዩ፣ ሌላ አገር ሲሠሩ ያጋጠማቸውን ነገሩኝ። ገና ወጣት ሹፌር ሳሉ እንዲሁ ቀጥረው፣ በተባለው ቀን እደርሳለሁ ብለው፣ መንገድ ይዟቸው በማግሥቱ ደረሱ። የተሰበሰበው ከብት በሽታው ገብቶበት ባለቤቶቹ ሊበትኑት እየተሯሯጡ ነበር። «ሽማግሌው አልተቆጣኝም» አሉ። «ቋጠሮ የሌለውን ገመድ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ከብቱ አለቀ፤ የሽማግሌውን ስም እንኳን አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲኖረኝ፣ ሰው የሚጠብቀኝ ዛሬ ነው እላለሁ። እንዴት ልቀመጥ?»

ያቺ አንዲት ቀን ናት እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ከወንበር ያስነሳቻቸው። እኔ ከጂንካ ተዛውሬ ከሄድኩ በኋላም ሰው ስለሳቸው ሲያወራ «ያ ችኩል ሹፌር» ሲል ያናድደኝ ነበር።

እሑድ ማለዳ ወይንሸት ደወለችልኝ። መኪና ተኮናትሬ ስሮጥ ለቀብሩ እንኳን አልደረስኩም፤ ሰው ከመቃብር ሲመለስ ነው የገባሁት። ወይንሸት ጓዳ ወስዳኝ ከአባቷ ትራስ ሥር አንድ ገመድ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ካንቺ ጋር በስልክ እንደተነጋገረ ገመድ አምጪልኝ አለኝ» አለች። «ሦስት ቋጠረ። ‹አባዬ፣ እስከ ሰኞ እኮ አራት ነው› ስለው ሳቀብኝ። በየጠዋቱ እየፈታ ነበር። ዛሬ ማለዳ የመጨረሻዋን ፈታና፣ ‹ጢሜን ላጪኝ፣ ጫማዬን አምጪ፣ አስቴር መንገድ ላይ ናት› አለ። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሩን ሲያይ ነው...»

እኔ እሑድ ማለዳ የሰርግ ድስት እያጠብኩ ነበር።

ያንን ገመድ ከሚያውቅ ሰው ሁሉ ይልቅ፣ ሰኞ ስላቸው እሑድ እንደሚጠብቁኝ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጊኖ ያውቁ ነበር፤ ሉቃ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያች እሑድ ወዲህ ማንም መቼ ትመጫለሽ ሲለኝ ቀኑን እነግረውና ከራሴ ገመድ አንዷን ቀድሜ እፈታለሁ። ለሳቸው ግን አልፈታሁም።